ማስነጠሴን የቆጠረው ሰው

የአያ ይመርን ሞት የሰማሁት እያስነጠስኩ ነው።

ልጁ ከድጃ ከዋጃ በጠዋቱ አውቶቡስ መጥታ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆመች። በብብቷ ሥር በአሮጌ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ገና እንደምን አደርሽ ሳልላት አንደኛው መጣብኝ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ቶሎ የማቆም ሰው አይደለሁም። በአገራችን ሰው ሲያስነጥስ "ይማርህ" ይባላል፤ ያስነጠሰውም "ያኑርህ" ብሎ ይመልሳል። ለማያውቁት መንገደኛ እንኳ ይህ አይቀርም። ይቺ ግን ዝም ብላ ታየኛለች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የይመር ልጅ እንዲህ ሥርዓት የሌላት ሆና አደገች እንዴ ብዬ በልቤ ተቀየምኩ።

"ጨረሱ፣ አያ ሞገስ?" አለችኝ መሐረቤን ከአፍንጫዬ ሳወርድ።

"ጨረስኩ። ምነው፣ በደህና ነው በጠዋቱ?"

"አባቴ አረፈ። ሐሙስ ለት ቀበርነው" አለችና የደንበኛ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

እኔም መቀሱን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ሰው መርዶ ሲሰማ ያለቅሳል፤ እኔን ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። አትፍረዱብኝ። ይመርን የሚያውቅ ይረዳኛል፤ የማያውቀው ደግሞ ልንገረውና ከዚያ ይፍረድ።

ቆቦ ገበያ ላይ የእኔ የልብስ ስፌት ሱቅና የእሱ የቅመም ሱቅ የሚለያዩት በአንድ የጣውላ ግድግዳ ነበር። ግድግዳ ማለቱ እንኳ ማጋነን ነው፤ በስንጥቁ ክብሪት እንቀባበልበት ነበር። በእሱ ወገን ሴቶቹ በርበሬ ሲወቅጡ አቧራው በእኔ ወገን ይገባል። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። የጢሙ ጫፍ ከበርበሬው ብዛት ቀልቶ ስለሚውል ሂና የተቀባ የሚመስላቸው ነበሩ። "አያ" የምለው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ነው እንጂ በጨዋታማ እኩያዬ ነበር።

ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ጥያቄ ነበረችው፤ "ስንት ጊዜ?" የምትል። "ጉልበቴን ቆረጠመኝ፣ ዛሬ ይዘንባል" ካላችሁት የጆሮውን ጫፍ እየጎተተ "ስንት ጊዜ ቆርጥሟችሁ ስንት ጊዜ ዘነበ?" ይላችኋል። መልስ ከሌላችሁ ዝናቡም ቀረ። "አንድ ጊዜ ዕድል ነው፣ ሁለት ጊዜ አጋጣሚ ነው፤ ሦስት ጊዜ ከሆነ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን" ይል ነበር።

የእኔን ማስነጠስ እንዲሁ ሊያልፈው አልቻለም። አንድ ቀን ባዶ የዘይት ጣሳ አምጥቶ ግድግዳችን ላይ በሚስማር ሰቀለና ከሥሩ አንድ ቁና ሽምብራ አስቀመጠ።

"ባስነጠስክ ቁጥር አንዲት ሽምብራ ጣል።"

"ለምን ብዬ?"

"እኔ እንጃ። ሳይቆጠር የሚታወቅ ነገር የለም።"

እምቢ ብል በማርያም አስማለኝ፤ እሱ እስላም፣ ማርያሟ የእኔ። ከዚያ ወዲያ ሱቅ ውስጥ ያስነጠስኩት ሁሉ ማታ ማታ ተቆጥሮ በግድግዳው ላይ በከሰል ይሰመራል። "ይማርህ" ማለትንም ደንብ አወጣለት። እያስነጠስኩ ሳለ ዝም ይላል፤ መናገር ቁጥር ያሳስታል። ስጨርስ ብቻ በስንጥቁ በኩል "ለሁሉም በአንድ ይማርህ" ይለኛል። እኔም "ያኑርህ" እላለሁ። ከቆቦ እስከ ሮቢት በጅምላ የሚማረው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ ስነግራችሁ ሥራ የፈታ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሰውዬው የጨነቀው ነበር። ሚስቱ ዘይነባ አስም ነበረባት። ዘይነባ ቀይ፣ ተጫዋች፣ ምላሷ የሰላ ሴት ናት፤ ግን ሲነሳባት አንዲት ቃል ለመናገር ሦስት ጊዜ ታርፋለች። አንዱ የማሽላ ገለባ ነው ይላል፣ አንዱ ብርድ ነው ይላል፣ አንዱ ዓይን ነው ይላል። አንድ ቀን ከቀትር ጀምሮ ተነሳባትና ከንፈሯ ጠቆረ። ይመር ከሱቅ ሮጦ ሄዶ ደረቱ ላይ ደገፍ አድርጎ አቅፏት ዋለ። ማታ ላይ ሲመለስ አላወቅኩትም፤ በአንድ ቀን አርጅቶ ነበር።

"ሞገስ፣ የዛሬው ከደገማት አትተርፍም። መድኃኒቱን ማግኘት አለብኝ" አለኝ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እንዲሉ፣ ላገኘው ሰው ሁሉ ይናገር ጀመር። ቅጠል የማያመጣለት አልነበረም። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ሰንሰል፣ ከገዛ ሱቁ ጥቁር አዝሙድ በማር። ሌላው ሰው ቢሆን ሁሉንም በአንድ ቀን ያጠጣት ነበር። እሱ ግን አንዱን ቅጠል ሰባት ቀን፣ ከዚያ ሰባት ቀን ባዶ፣ ከዚያ ሌላውን። ችግሩ ዘይነባ ነበረች፤ እሱን ላለማሳዘን የሰጣትን ሁሉ "ተሽሎኛል" ትላለች።

ስለዚህ ኩራዝ አመጣ። ጠዋት ጠዋት እጓዳ አግዳሚ ላይ ኩራዝ ይለኩስና ዘይነባን በአግዳሚው ጫፍ ያስቀምጣታል። ኩራዙን በስንዝር ለክቶ ያርቀዋል። እፍ ብላ ታጠፋዋለች። ካጠፋችው አንድ ስንዝር ይጨምራል። እኔ ምስክር ሆኜ ስለምጠራ እኔንም አስለካኝ፤ ስድስት ስንዝር ሰጠሁ። ዘይነባ ከሁለት አታልፍም ነበር፤ ሲብስባት አንዷም ትከብዳታለች። ጎረቤቱ "ይመር ፀሐይ አልበቃው ብሎ በጠዋት ኩራዝ ያበራል" እያለ ሳቀበት። እሱ ግን "ምላስ ሊዋሽ ይችላል፤ ኩራዝ አይዋሽም" አለና ቀጠለ።

ለእሷ የሚሰጠውን ሁሉ አስቀድሞ በራሱ ላይ ይሞክራል። አንድ ሰው የአስተናግር ቅጠል ጢሱ ትንፋሽ ይከፍታል ብሎት፣ ቅጠሉን አድርቆ አጭሶ ሱቅ ገባ። ጥቂት ቆይቶ በስንጥቁ ሳየው ዓይኑ ፈጥጧል። ደጃፉ ላይ ከቆላ ጨው ጭኖ የመጣ የአፋር ነጋዴ ግመሉን አቁሟል። ይመር ወጥቶ ከግመሉ ጋር የበርበሬ ዋጋ ይከራከራል። ግመሉ አመንዥጎ ዝም ሲለው ዋጋ ይቀንስለታል። ነጋዴው ጨዋ ሰው ነበርና በበትሩ ተደግፎ ድርድሩ እስኪያልቅ ጠበቀ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ "ሰውዬው ደግ ነው፤ ግን ግመሌ ገንዘብ አይዝም" አለኝ። ይመር አእምሮው ሲመለስ፣ አፉ ደርቆ ውሃ በማሰሮ እየጠጣ፣ "ይሄንን ለዘይነባ ብሰጣት ኖሮ እገድላት ነበር" አለና የቀረውን ቅጠል ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ቀልዱን እኔ ለወር ያህል አልተውኩለትም፤ እሱም ችሎ ሳቀልኝ።

ከዚያ የዞብሉ ቅጠል መጣ። በዞብል ተራራ አንድ የታወቁ ሽማግሌ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ቅጠሉን ሲያሳዩት ሥርዓቱን ነገሩት። በእኛ አገር መድኃኒት እንዲሁ አይቆረጥም፤ ቆራጩ ንጹሕ መሆን አለበት። ሱቁን ይዘጋል፤ ጎሊና ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል፤ ያልተለበሰ ነጭ ልብስ ይለብሳል፤ የቅጠሉን ስም አይጠራም፤ የሚያቃጥል ነገር በእጁ አይነካም፣ በቤቱም አያሳድርም፤ ይህን ሁሉ መድኃኒቱ በሚጠጣበት ሰባት ቀን ይጠብቃል። ነጩን እጀ ጠባብ በአቡጀዲ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ከራስጌው የነበሩትን የበርበሬ ጆንያዎች ሱቅ አስገብቶ ቆለፈባቸው፤ አሮጌ ልብሱንም ከእነሱ ጋር። ከዚያ ቅጠሉን ቆርጦ መጣና ቀቅሎ አጠጣት።

በሰባተኛው ጠዋት ዘይነባ ኩራዙን ከአራት ስንዝር ላይ አጠፋችው። በዓይኔ አይቻለሁ። ራሷም አላመነችም፤ "ንፋስ ገብቶ ይሆናል፣ በሩን ዝጉና እንደገና ለኩስልኝ" አለች። ተዘግቶም አጠፋችው። ይመር "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ወሬው ቆቦን አዳርሶ ሮቢት ደረሰ። አስም ያለበት ሁሉ ሱቁ ደጃፍ ይሰለፍ ጀመር። እሱ ግን "ስንት ጊዜ? ገና አንድ ጊዜ ነው። ሂዱና ከሁለት ወር በኋላ ኑ" እያለ መለሳቸው። ሀብት በእግሩ ሲመጣበት የሚያባርር ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እውነትም ሱቁን በከፈተ በአሥረኛው ቀን ዘይነባ ቅጠሉን እየጠጣች ወደ ሁለት ስንዝር ወረደች። "ቅጠሉ አረጀ፣ ኃይሉን ጨረሰ" አልን። ሥርዓቱን እንደገና ጠብቆ ትኩስ ቆርጦ መጣ፤ አራት ስንዝር ተኩል። ሱቁን ከፈተ፤ ወረደች። ሦስተኛ ሄደ፤ አሁንም ወጣች። ለእኔ ክርክሩ አልቋል፤ "ሦስት ጊዜ ሆነ፣ በቃ፣ ሽጠው" አልኩት።

በስምንተኛው ቀን ሱቁን ሊከፍት መጣ። ነጩን ልብስ እንደለበሰ ነው። ጣሳውን አውርዶ አየና ወደ እኔ ዞረ።

"ባዶ ነው። በማርያም ምለህልኝ አልነበር?"

"ምያለሁ። አላስነጠስኩም።"

"ሰባት ቀን ሙሉ?"

"ሰባት ቀን ሙሉ።"

ግድግዳው ላይ ያሉትን የከሰል መስመሮች ወደ ኋላ ሄዶ ቆጠረ። እኔም አብሬው አየሁ። ዞብል በሄደባቸው ሳምንታት ሁሉ ግድግዳው ባዶ ነው።

"ቅጠሉን ከዘይነባ ተቀብለህ ጠጥተሃል?"

"ምን ጎድሎብኝ?"

የጆሮውን ጫፍ ይዞ እየጎተተ፣ ሱቁን ከፍቶ በርበሬ ጆንያው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። አቧራው ቡን አለ። እኔም አስነጠስኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እሱ አልቆጠረም፤ አንዴ እኔን አንዴ ጆንያውን ያይ ነበር። የዚያን ቀን "ይማርህ" ማለቱንም ረሳው።

በማግሥቱ ሱቁን አልከፈተም። ሥርዓቱን ሁሉ እንደገና ጠበቀ፤ ታጠበ፣ ነጩን ለበሰ። ዘይነባን ግን እንዲህ አላት፦ "እስከ ዛሬ ሳምንት ድረስ የማጠጣሽ መድኃኒት ይሁን ባዶ ውሃ አልነግርሽም።" የቀቀለላት ከደጅ የቀጠፈውን የማሽላ ቅጠል ነበር፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በሰባተኛው ጠዋት አምስት ስንዝር ሰጠች።

እኔ አጨበጨብኩ። ይመር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ።

"የማሽላ ቅጠል ነው ያጠጣሁሽ" አላት። "ቅጠሉ አይደለም፣ ዘይነባ። የሚያድንሽ መታጠቤ ነው። በሽታሽ በልብሴ የማመጣው በርበሬ ነው። ያን ቀን አቅፌሽ የዋልኩት... ወላሂ፣ አላወቅኩም።"

ዘይነባ ኩራዙን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። ቀጥላ "ሰው ሁሉ ምን ያምሻል ሲለኝ ባሌ እያልኩ ስንት ዓመት ቀለድኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ብትሰማኝ ምን ነበረበት" አለችው። እየሳቀች ነው የምትናገረው፤ እጇ ግን ነጩን እጅጌውን ጨምድዶ ይዞት ነበር።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ልወጣ ስነሳ እሷ አላለቀላትም።

"ግማሽ ፈተና ምን ይባላል? አሁን አሮጌውን ልብስህን ልበስና እውነተኛውን ቅጠል አጠጣኝ።"

"አይሆንም።"

"ስንት ጊዜ እያልክ አገር ስታስቸግር ኖረህ፣ በእኔ ሲሆን ነው የሚበቃህ? ቅጠሉን በከንቱ እንዳላምን በዓይኔ ልይ። አብሽር፣ አልሞትብህም።"

ለበሰው። እኔ ሁለት ቀን ሥራ አልሠራሁም። ቅጠሉ ትኩስ ነው፣ ሦስቴ በቀን ትጠጣለች። በሦስተኛው ጠዋት ኩራዙ ፊት ተቀምጣ እፍ አለች፤ በሁለት ስንዝር ላይ ያለው ነበልባል ዘንበል አለና ተመልሶ ቆመ። ደገመች፤ አልጠፋም። ደረቷ ሲያፏጭ እስከ በሩ ይሰማኛል። ይመር የልብሱን ቁልፍ እንኳ ሳይፈታ ከላዩ ላይ ቀዶ ጣለና ራቁት ደረቱን ይዞ ወደ ጎሊና ሮጠ። ያየው ሰው ሁሉ አብዷል አለ።

ሁለት ወሩ ሲደርስ ከሮቢት፣ ከዋጃ፣ ከየቆላው ሰው መጥቶ ተሰበሰበ። ይመር ሱቁ ደጃፍ ቆሞ እውነቱን ነገራቸው። "የዞብሉ ቅጠል ለዘይነባ አልሠራም። እሷን በርበሬዬ ነው ያሳመማት። የእናንተን አላውቅም፤ ምን አጠገብ ስትሆኑ እንደሚብስባችሁ ቁጠሩ።" ሰው ተቆጣ። መድኃኒቱን ለራሱ ደበቀው አሉት። አንድ የሮቢት ሽማግሌ ቀረብ ብለው "ልጄ፣ መቁጠሩን ተወውና ቅጠሉን ስጠኝ" አሉት። "አባቴ፣ የማይሠራውን ልስጥዎት?" ቢላቸው፣ "አንተ ስጠኝ እንጂ መሥራቱን ለእኔ ተወው" አሉ። ከዚያ ሁሉ ጭንቅ ወዲህ ይመር ሲስቅ ያየሁት በዚያች ቀን ነው።

ከዚያ ምን ይደረጋል? ከአባቱ የወረሰው ንግድ ነው፣ ሌላ ሥራ አያውቅም። ቤቱም ግድግዳው ሳይቀር በርበሬ ጠጥቷል። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ቅመሙን በጅምላ ሸጦ ዘይነባን ወደ አባቷ አገር ዋጃ ይዟት ሄደ። "ጨው እነግዳለሁ። ጨው አያስነጥስም" አለኝ። የሚወስዳቸው መኪና አሽከርካሪ ጥሩምባ እየነፋ ሲቸኩል እሱ ጣሳውን ከሚስማሩ አወረደ። "ከእንግዲህ ለአንተ ምን ያደርግልሃል?" አለኝ።

እውነቱን ነበር። ከእሱ ወዲያ የጎረቤቴን ሱቅ ጨርቅ ነጋዴ ያዘው፤ ማስነጠሴም ቀረ። ይመርም ቀረ። ሰላም አገኘህ አሉኝ። ስንቱን ጠዋት፣ ጤነኛ አፍንጫ ይዤ፣ በስንጥቁ በኩል ወዲያ ማዶ ሳይ እገኝ ነበር። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ዋጃ እየወረድኩ ጠይቄዋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

አሁን ከድጃ ጆንያውን ፈታች። ውስጡ ያ የዘይት ጣሳ ነው፤ ታቹ ዝጓል።

"ጆንያው የድሮው ሱቅ የበርበሬ ጆንያ ነው" አለችኝ። "ከቆቦ ስንወጣ አንዱን አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፎበት ነበር። እናቴ አጠገቡ አትደርስም። ሊያርፍ ሲል ጠራኝና 'ሞገስ ዘንድ ውሰጂው። ምንም ሳትነግሪው ፊቱ ቁሚና ቁጠሪ። መርዶውን ከቆጠርሽ በኋላ ንገሪው፤ አስቀድመሽ ከነገርሽው እንባው ከአፍንጫው ይቀላቀልና ፈተናው ይበላሻል' አለኝ።"

"ስንት ሆነ?"

"ሰባት።"

"ታጥቦም፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶም?"

"ሰባት ነው፣ አያ ሞገስ። በደንብ ቆጥሬያለሁ።"

"እናትሽስ? ዘይነባ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት። በቀብሩ ማግሥት ጠዋት ተነስታ ኩራዝ ለኮሰች። ለቀስተኛው ግራ ገባው። እኔ ለካሁላት፤ ስድስት ስንዝር። 'እሱ ቢሞትም እኔማ እተነፍሳለሁ፤ የሠራው ሥራ ነው' አለችና ያን ጊዜ አለቀሰች።"

ስድስት ስንዝር የእኔ ልክ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ደርሳብኝ አታውቅም፣ አሁን እኩል መጣች።

ከድጃ ልትሄድ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች። "የረሳሁት ነገር አለ" አለች። "ቆጥረሽ ስትጨርሺ በይው ያለኝ ነበር።" ነጠላዋን አስተካከለችና እንደ ትልቅ መልእክተኛ ቀጥ ብላ "ለሁሉም በአንድ ይማርህ ብሎዎታል" አለችኝ።

ለዚህ መልሱ "ያኑርህ" ነው። ስንት ዓመት በስንጥቁ በኩል መልሼዋለሁ። አፌን ከፈትኩና ለማን እንደምለው ጠፋኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ከድጃ ተመልሳ አጠገቤ እስክትቀመጥ ድረስ አለቀስኩ።

"ለእናትሽ አድርሺልኝ" አልኳት በኋላ። "ያኑርሽ በያት።"